ክርክር፦ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ፖለቲካ ያውቃል?

የገላኑ፦ ትናንት የተጀመረውን እዚሁ እንጨርሰው። ደቡብ ሱዳን ራሷን ስትችል አብዛኛው ገበሬና ከብት አርቢ ማንበብ አይችልም ነበር። የመረጠው አውቆ ነው ተነድቶ?

ቱሉ ዲምቱ 3ኛ ፎቅ፦ ተነድቶ ነዋ! ጥር 2003 ላይ 98.83 በመቶው መገንጠልን መረጠ። ሰው በደንብ ቢከራከርበት ኖሮ እንዲህ ያለ ቁጥር አይመጣም። የምርጫ ወረቀቱም ስዕል ነበር። የተዘረጋ አንድ እጅ መገንጠል፣ የተጨባበጡ ሁለት እጆች አንድነት። ስዕል አይቶ አሻራ ማሳረፍ ንቃት ነው?

የጤፍ ነጋዴዋ፦ ወንድሜ፣ በ97 እኛስ የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት አይተን አይደል የመረጥነው? አንተ ዲግሪህን ይዘህ ተሰልፈህ ያየኸው ስዕል ነው 😄

ጋሽ መምህር፦ እኔ የ1967 የእድገት በኅብረት ዘማች ነኝ። ገበሬውን ልናነቃ ነበር የሄድነው፣ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። የካቲት 25 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሕዝቡን ሰብስበን ስለ መደብ ትግል አንድ ሰዓት ለፈለፍን። አንድ ጭሰኛ ከኋላ ተነሣ። «የማርሰው በጌታዬ በሬ ነው። መሬቱ ለእኔ ከሆነ በሬውስ የማን ነው?» አለ። እርስ በርስ ተያየን። ማታ በኩራዝ አዋጁን ስንገልጠው የበሬውም ነገር ተጽፏል። አንቂዎቹ አላነበብነውም ነበር።

3ኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ ጥያቄውስ ጥሩ ነው። ግን ስለ በሬ መጠየቅ ሌላ፣ ስለ አገር መወሰን ሌላ። ነጻነቱ ሐምሌ 2003 መጣ፣ ታኅሣሥ 2006 ጁባ ላይ ተኩስ ተከፈተ። አየህ?

የጤፍ ነጋዴዋ፦ ፕሬዚዳንቱ ኪርና ምክትሉ የነበረው ማቻር ሲጣሉ ገበሬውን ማን አማከረው? ማቻርማ ዶክተር ነው እኮ!

የገላኑ፦ እስቲ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የእኛ ብሎክ ጥበቃ ድሮ እዚሁ ጤፍ ያርስ ነበር። ፊደል አይለይም። መሬት ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣውን የያኔውን አዋጅ ግን «455» ብሎ በቁጥሩ ነው የሚጠራው። የትኛው ባለሥልጣን መጥቶ ምን ቃል እንደገባ እስከ ቀኑ ይነግርሃል።

3ኛ ፎቅ፦ እሺ፣ ማወቁ ምን አመጣለት? ያው በር ላይ ቆሟል።

የጤፍ ነጋዴዋ፦ እሱማ ሌላ ጥያቄ ነው። ቅድም ያልከው ግን «አያውቅም» ነበር።