ሽንቱ ከሄንሌ ሉፕ ቀጥኖ ከወጣ፣ ሉፑ ምን ይሠራል?

የሌሊት ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ የፊዚዮሎጂ ፈተና አለብኝ፣ አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። ኩላሊት ሽንትን የሚያወፍረው በሄንሌ ሉፕ (ኩላሊት ውስጥ ቁልቁል ወርዶ፣ ታጥፎ ወደ ላይ በሚመለሰው ቀጭን ቱቦ) ነው ይባላል። ስዕሉን ሳየው ግን ፈሳሹ ሉፑ ውስጥ ሲገባ 300 ሚሊኦስሞል (በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን) ነው፣ ሲወጣ 100 ገደማ። ቀጥኖ ወጣ ማለት እኮ ነው! ያን ሁሉ ወርዶ ያን ሁሉ ወጥቶ፣ ታዲያ ምኑን አወፈረው? በእናታችሁ በሰው ቋንቋ አስረዱኝ፣ ካውንተርከረንት የሚለው ቃል ጋ ስደርስ እንቅልፌ ነው የሚመጣው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ልክ ነው ያየኸው። ሉፑ ሽንቱን አያወፍርም፣ የሚያወፍረው ሰፈሩን ነው።

ኩላሊት ውሃ የሚገፋ ፓምፕ የለውም። ያለው የጨው ፓምፕ ነው፣ ውሃ ደግሞ መንገድ ካገኘ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። ቁም ነገሩ ያለው "መንገድ ካገኘ" የምትለዋ ላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ክንድ ጨውን ወደ ውጭ ይተፋል፣ ግድግዳው ግን ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ውስጡ ይቀጥናል (ያ ያንተ 100)፣ በዙሪያው ያለው የሜዱላ (የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል) ሥጋ ግን ጨው በጨው ይሆናል። ወደ ታች የሚወርደው ክንድ ግልባጩ ነው፤ ውሃ ይለቃል፣ ጨው ብዙም አያሳልፍም።

አሁን ያ የቀጠነ ፈሳሽ ኮርቴክስ (የኩላሊቱ ውጨኛ ክፍል) ደርሶ፣ በሰብሳቢው ቱቦ በኩል በዚያው ጨዋማ ሰፈር መሃል እንደገና ቁልቁል ይወርዳል። የሚወፍረው እዚህ ነው። ኤዲኤች (ሰውነት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ሆርሞን) ካለ አኳፖሪን 2 የሚባሉት የውሃ በሮች ግድግዳው ላይ ይሰካሉ፣ ውሃው ወደ ጨዋማው ይሾልካል፣ ሽንቱ እስከ 1200 ይደርሳል። ኤዲኤች ከሌለ በሩ ዝግ ነው፣ እስከ 50 ድረስ ቀጥኖ ይወጣል።

የሌሊት ተማሪ፦
ኧረ ተባረክ! ሰፈሩን ነው የሚያወፍረው ስትል በራልኝ። ግን ፓምፑ በአንድ ጊዜ ከ200 በላይ ልዩነት አይፈጥርም ይላል ማስታወሻዬ። 1200 ከየት መጣ?

ዝምተኛው፦
ወረቀት አምጣ። እንደ ፀጉር መያዣ የታጠፈ ቱቦ ሣልና ሁሉም ቦታ 300 ጻፍ። ፓምፑን አንዴ አሠራው፤ የሚወጣው ክንድ 200 ይሆናል፣ ውጭው 400፣ የሚወርደውም ውሃ ለቆ 400። አሁን ከላይ አዲስ 300 አስገባና ሁሉንም ወደፊት ግፋው። ያ 400 ታች ታጥፎ የሚወጣው ክንድ ውስጥ ገባ አይደል? እዚያ ጋ ፓምፑ ሥራውን የሚጀምረው ከ300 ሳይሆን ከ400 ነው፤ ውስጡን 300 ሲያደርግ ውጭው 500 ይሆናል። እንደገና ግፋ፣ እንደገና አሠራ። ፓምፑ በየደረጃው ያችው 200 ናት ያለችው፣ ቁጥሩን የሚያባዛው መታጠፉ ነው።

ዩሪያን (ከፕሮቲን የሚመጣውን የሽንት ቆሻሻ) እንዳትረሳ ግን። ታች ጫፍ ላይ ካለው ግማሽ ያህሉ ዩሪያ ነው፣ ከሰብሳቢው ቱቦ መጨረሻ እየወጣ እዚያው የሚዞር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ውስጠኛው ሜዱላ ላይ የሚወጣው ክንድ ቀጭን ነው፣ እንዲህ ያለ ፓምፕ የለውም፤ እዚያ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም ይከራከሩበታል። ለፈተናህ ግን ይሄ ይበቃሃል።

የማታ ተረኛ፦
እኔ የገባኝ በመድኃኒት ነው። ፉሮሴማይድ የሚባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚዘጋው የሚወጣው ክንድ ላይ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ አብረው የሚያልፉበትን ማጓጓዣ ነው። እሱ ሲዘጋ ሰፈሩ ጨው ያጣል፣ ኤዲኤች በሩን ቢከፍተውም ውሃው የሚሄድበት የለም። በሽተኛው ሽንት ቤት ሲመላለስ ይውላል።

የባህር ውሃ ጥም የማይቆርጠውም በዚያው በ1200 ጣሪያ ምክንያት ነው። ሊትሩ 1200 ገደማ ይዞ ይገባል፣ የሰውነታችን የቀን ቆሻሻ ሌላ 600 ነው። ይህን 1800 ለማስወጣት አንድ ሊትር ተኩል ሽንት ያስፈልጋል። የጠጣኸው አንድ፣ የሸናኸው አንድ ተኩል!

የሌሊት ተማሪ፦
አንድ የመጨረሻ፣ ደሙስ ያን ጨው ጠራርጎ አይወስደውም?

ዝምተኛው፦
ደም ስሮቹም እንደ ሉፑ ታጥፈው ይመለሳሉ። ሲወርዱ ጨው ይቀበላሉ፣ ሲወጡ አብዛኛውን እዚያው ይመልሳሉ። ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።

የሌሊት ተማሪ፦
ወረቀቱ ላይ ሦስት ዙር ገፋሁት፣ ታች ጫፉ 500ን አለፈ። አራተኛው ላይ ቁጥሩ ተምታታብኝና ተውኩት። ዩሪያውን ጠዋት አየዋለሁ።