መኪናዬን ባጠብኳት ቁጥር ጭረቷ ይብሳል፤ ምን እያጠፋሁ ነው?

ባለጥቁሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥቁር መኪና አለችኝ፣ ከገዛኋት 8 ወሬ ነው። ለሰው እጅ አልሰጥም ብዬ በየሳምንቱ ራሴ ነኝ የማጥባት። ትናንት ማታ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ የማደያው መብራት ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ክው አልኩ። መብራቱን ከቦ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት! ቀን ቀን ምንም አይታይም ነበር። መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ስፖንጅ። ስፖንጁ አዲስና ለስላሳ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የጫረብኝ?

ቀለም ቀቢው፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ የተጀመረው ስፖንጁ ጋ ሳይደርስ ነው። አቧራ የምትለው እኮ የደቀቀ ድንጋይ ነው። በደረቁ ስትጠርገው በብርጭቆ ወረቀት አሸሃት ማለት ነው። ከላይ ያለው፣ እኛ ክሊር የምንለው ሽፋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከፀጉርህ ይቀጥናል። ነጭ መኪናም ይጫራል፣ ግን ይደብቀዋል። ጥቁር ያጋልጣል።

ጥላ ቦታ አቁማትና ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ አለዚያ ሳሙናው ሳታለቀልቀው ደርቆ እድፍ ይተውልሃል። ከዚያ እጅህን ሳታሳርፍባት ከጣሪያዋ ጀምረህ ወደ ታች ውሃ ልቀቅባት። የደረቀ ጭቃ ካለ አርጥበህ ተወው፣ ይራስ፣ ደግመህ ልቀቅበት። ውሃ በግፊት የሚረጭ ማሽን ካለህ ደግሞ 30 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ በል፤ ቀለም የተላጠበት ቦታ ላይ ካስጠጋኸው ይገሸልጠዋል። የዕቃ ሳሙናውን ወጥ ቤት መልሰው። ቅባት ለመንቀል የተሠራ ስለሆነ መኪናዋ ላይ ያለውን ሰም አብሮ ይነቅላል። የመኪና ሻምፖ ግዛ።

ሁለት ባልዲ፦
ስፖንጁም ቢሆን ነፃ አይደለም። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋዋን ቀለሙ ላይ ተጭኖ ይጎትታታል። የማይክሮፋይበር ጓንት ግን ፀጉር ፀጉር ስላለው ቅንጣቷ ወደ ውስጥ ትገባለታለች። እኔ በአንዱ ባልዲ ሻምፖ፣ በሌላው ንጹህ ውሃ እይዛለሁ። አንድ በር ባጠብኩ ቁጥር ጓንቱን ንጹሁ ውሃ ውስጥ አሽቼ ነው ወደ ሻምፖው የምመልሰው። ስታሽ ደግሞ አታዙር፣ ቀጥ ቀጥ አድርግ። ሳትጫን። የበሮቹን ታችኛ ክፍል ወደ መጨረሻ፤ ለጎማና ለቸርኬ ደግሞ ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ውሃ።

ችኩሉ፦
ኧረ አታካብዱ! ስንት ዓመት በአንድ ባልዲ አጥበን የለ? ቆይቶ ሠርግ ላታደርሳት።

ሁለት ባልዲ፦
ችኩሉ፣ አንድ ቀን ብቻ ሞክረው። ስትጨርስ የማለቅለቂያውን ውሃ ቀስ ብለህ ድፋና ታቹን በጣትህ ዳሰስ አድርገው። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩ ቀን ጥፍሬ ውስጥ የገባው አሸዋ እጄን ስታጠብ ሁሉ አልወጣ ብሎኝ ነበር። አንድ ባልዲ ቢሆን እሱ ሁሉ ተመልሶ ኮፈን ላይ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ማድረቁን ረሳችሁት። እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። ማድረቂያው ፎጣ መሬት ወደቀብኝ፣ አራግፌው ቀጠልኩ። በሩ ላይ ክንዴን የሚያህል ጭረት! ፎጣውን ገልብጬ ሳየው የመርፌ ጫፍ የምታክል ጠጠር ክሩ ውስጥ ተሰክታለች። አሁን የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ መኪናዬን አይነካም። ደግሞ ስታደርቅ አታሽ፣ ትልቅ ማይክሮፋይበር አንጥፈህ ከላይ ጫን ጫን አድርገው፣ ውሃውን ራሱ ይመጠዋል። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ምልክትም ቁረጣት፣ እሷም ትጭራለች። ፎጣውን ስታጥበው የልብስ ማለስለሻ አትጨምርበት፣ ውሃ መምጠጡን ይተዋል። የወፍ ኩስ ካየህ ደግሞ በጥፍርህ አትፋቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርግበትና ሲርስ አንሳው፤ ግን ለነገ አታሳድረው፣ ቀለም ይበላል።

ባለጥቁሯ፦
ተባረኩ። ያጠፋሁት ገባኝ፣ ሁሉንም ማለት ይቻላል። እስካሁን የተጫረውስ? ፖሊሽ ያወጣዋል?

ቀለም ቀቢው፦
ጥፍርህን ጭረቱ ላይ አቋርጠህ ጎተት አድርገው። የማይዘው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊሽ ያወጣዋል። ከያዘው ጠልቋል፣ ፖሊሽ ላይበቃው ይችላል። ግን መጀመሪያ አስተጣጠብህን አስተካክል፤ ፖሊሽ ጭረት የሚያጠፋው ክሊሩን ራሱን ሸርፎ ነው፣ በየጊዜው ካስደረግክ የሚሸረፍ አይኖርም።

ባለጥቁሯ፦
አሁን በስልኬ መብራት አይቼ መጣሁ። ኮፈኑ ላይ ያሉት አንዳቸውም ጥፍሬን አልያዙም። የሾፌሩ በር እጀታ ሥር አንዷ ትይዛለች፣ ግን እሷ የመኪናው ቁልፍ ሥራ ናት፣ ስፖንጁን አላማውም።