ደሴ፦ የአያቴ ጠጅ ቤት ሳይፈርስ ከየት እንጀምር?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ እንደተሠራ የሚነገርለት ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው ያደግነው። ምድር ቤቱ ጠጅ ቤት ነበር። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ጥላ ሸጣበታለች። በአዋጅ 47/1967 ከተወረሰ ወዲህ የቀበሌ ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን። እሷ ካረፈች በኋላ ምድር ቤቱ ተዘጋ። ቆርቆሮው ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። የእንጨት በረንዳው ወደ መንገዱ አዘንብሏል። የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። አሁን ደግሞ «ለልማት ይነሣል» ይባላል፤ በጽሑፍ የደረሰን ግን የለም። ምን እናስቀድም? ግድግዳውን በሲሚንቶ ብናስለስነውስ?

ግንበኛው፦
እባክህ ሲሚንቶ እንዳታስነካው! ጭቃ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ልስኑም ከነጭቃው ተላቆ ይወድቃል። ጣሪያውን አስቀድሙ። ለዘንድሮ ሸራም ቢሆን ወጥሩበት። አሸንዳውን ጠግኑ፣ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ቅደዱ። ደሴ ተዳፋት ናት፤ መሠረት የሚበላው ከላይ የሚወርደው ውሃ ነው። ግድግዳውን በጋ ሲገባ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ምረጉት።

ከሰኞ ገበያ፦
ወንድሜ አብሽር፤ ወረቀቱን ግን አታዘግይ። የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ ከነካችሁ ውላችሁ ላይ ጣጣ ያመጣል። ለቀበሌው የጥገና ፈቃድ ጠይቁ። ለባህልና ቱሪዝም ደግሞ «በቅርስነት ተጠንቶ ይመዝገብልን» ብላችሁ አመልክቱ። ሁለቱንም መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡና ቅጂ ያዙ። ማመልከቻ ብቻውን ማፍረስ አያስቆምም። ከተመዘገበ ግን በአዋጅ 209/1992 ጥበቃ ይኖረዋል፤ ለጥገናውም የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስፈርሙ፤ የድሮ ፎቶ ያለውንም ጠይቁ።

የሰፈሩ ልጅ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጠጅ ቀምሼ አላውቅም። ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ የምንጠለለው እዚያ በረንዳ ሥር ነበር። አያትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በእፍኟ ቆሎ ታድለን ነበር። ወላሂ ቢፈርስ ይቆጨኛል። እኔ የምፈራው ተጠግኖም እንዳይዘጋ ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የደሴ ሙዚየም ስለሆነ አይደል ሰው የሚያውቀው? ምድር ቤቱን ቡና ቤት አድርጉት። ሁላችንም እንገባበታለን፤ ኪራዩም ከዚያው ይወጣል። ይህን ሐሳብ ማመልከቻው ላይ ጻፉት።

የፒያሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሸራውን ነገ እንገዛለን። በረንዳውን ለመደገፍም ፈቃድ እንጠብቅ?

ግንበኛው፦
እሱ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ አትጠብቁ። ቀበሌው እንዲያውቀው አድርጉና ዛሬውኑ በባላ ደግፉት። ከሥሩ ሰው እንዳያልፍ ገመድ ወጥሩ። ከመደገፋችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡት፤ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።