የእህቴን ልጅ በፎቶ እያስፈራራ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ስልኩን ልቀማው ወይስ ለፖሊስ ላመልክት?

የታቦሩ አጎት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲሆን እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ የእህቴን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል። ስልኩን የላከችለት እናቱ ናት። መምህራኑ ወርክ ሺትና ማስታወሻ የሚለቁት በቴሌግራም ስለሆነ ስልክ አያስፈልገውም ብዬ መከራከር አልቻልኩም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ምግብ ይተዋል፣ ሌሊትም እንደማይተኛ አስተዋልኩ። ብዙ ለምኜው የነገረኝ ይህንን ነው። በአንድ የጥናት ግሩፕ ውስጥ የአንዲት ተማሪ ስምና ፎቶ የያዘ አካውንት በግል ጻፈችለት፤ ተዋወቁ፣ ፌስቡክ ላይም ጓደኛ ሆኑ፣ ውሎ አድሮ ፎቶ መለዋወጥ ጀመሩና ሊልከው የማይገባውን ፎቶ ላከላት። ወዲያውኑ የክፍል ጓደኞቹንና የእናቱን ስም ዝርዝር ከፌስቡክ ገልብጣ «ለእነዚህ ሁሉ እልካለሁ» የሚል መልእክት መጣለት። መጀመሪያ የሞባይል ካርድ ተጠየቀ፣ ሞላ፤ ቀጥሎ በሞባይል ገንዘብ ብር እንዲልክ ታዘዘ፣ ያጠራቀመውን ላከ። አሁን የሚጠየቀው መጠን ከእኔም አቅም በላይ ነው።

የማያዳግም ክፍያ ከፍዬ ነገሩን ብቋጨው ይሻላል? ወይስ ስልኩን ቀምቼ አካውንቱን ላጥፋው? ፖሊስ ጋ መሄድን በተመለከተ፣ ይህ ከተማ ሰው የሚተዋወቅበት ስለሆነ የልጁ ስም እንዳይነሳ እሰጋለሁ።


ጠበቃ ነኝ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ልጁ ለእርስዎ መናገሩ ትልቅ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ወንዶች ልጆች ከሴቶቹ ባልተናነሰ ይደብቃሉ።

ክፍያን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ከአሁን በኋላ አንድ ብር እንኳ አይላክ። የላከ ሰው እንደሚልክ ስላስመሰከረ ጥያቄው ይጨምራል እንጂ አይቋረጥም፤ ይህንንም እርስዎ ራስዎ አይተውታል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህንን ጉዳይ በቀጥታ ይነካዋል። የአዋጁ አንቀጽ 13 ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ድምፅ በኮምፒዩተር ሥርዓት በማሰራጨት ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት የሚያስፈራራን ሰው የሚቀጣ ሲሆን፣ አንቀጽ 12 ደግሞ አካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸሙትን ይመለከታል፤ እንዲህ ያለ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትንና ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን፣ እንዲሁም ልጅን በመልእክት ወይም በምስል ማባበልን በጽኑ እስራት ያስቀጣል። «ይዞ መገኘት» የሚለውን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ብዙ ቤተሰብ «ማስረጃ ነው» ብሎ ምስሉን ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት ጠበቃ ጭምር ሲያስተላልፍ አይቻለሁ። ይህ ልጁን እንደገና ማጋለጥ ነው፣ አስተላላፊውንም በሕግ ፊት አጣብቂኝ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ለእኔም ቢሆን እንዳይልኩ። ምስሉ ባለበት ስልክ ላይ ይቆይ፤ ምርመራውን የሚያካሂደው አካል እዚያው ይየው።

አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ስለዚህ «ነገሩ ይብረድና እናመለክታለን» ማለት ማስረጃን ማስበላት ነው። ወንጀልን ለፖሊስ ለማመልከት የግድ ወላጅ መሆን እንደማያስፈልግም ይወቁ፤ አሳዳጊ አጎት መሆንዎ ይበቃል። ጣቢያ ሲደርሱ ጉዳዩን በበር ላይ በጮኸ ድምፅ ከማስረዳት ይልቅ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመረምር ባለሙያ እንዲያነጋግርዎ ይጠይቁ።


የአይሲቲ መምህርት

ጠበቃው ስለ ማስረጃ ያነሱትን ከሙያዬ አንጻር ላሟላ፤ ምክንያቱም ማስረጃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። በቴሌግራም የግል ውይይት ላይ አስፈራሪው የጻፈውን መልእክት ከራሱም ከልጁም ስልክ በፈለገው ጊዜ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ብሎክ ከማድረግ በፊት ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሌላ ስልክ ካሜራ ፎቶ ያንሱት፤ የልጁ ምስል ያለበትን ክፍል ግን ይዝለሉት። የሚያስፈልገው ዛቻው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የአካውንቱ ዩዘርኔም (የሚታየው ስም ብቻ አይበቃም፣ እሱ በየቀኑ ይቀየራል)፣ ስልክ ቁጥር ከታየ ቁጥሩ፣ እንዲሁም የፌስቡክ ፕሮፋይሉ አድራሻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብር የተላከበት ቁጥርና የማረጋገጫ መልእክቱ ነው። ያ ቁጥር የአገር ውስጥ ከሆነ ሰውየው፣ ወይም ቢያንስ ተቀባዩ፣ እዚሁ አገር መሆኑን ያመለክታል፤ ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሊሆን ቢችልም መነሻ ነው። የካርዱን ነገርም አይርሱት፣ የተሞላለት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ልጁን ይጠይቁት።

ይህ ሁሉ ከተያዘ በኋላ አካውንቱን ሪፖርት ያድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ ያድርጉት። የልጁን አካውንት ግን አያጥፉት። በፌስቡክ የጓደኞቹ ዝርዝር ለራሱ ብቻ እንዲታይ፣ በቴሌግራም ደግሞ ስልክ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይና ኮንታክቱ ውስጥ የሌለ ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምረው ያስተካክሉለት። አስፈራሪው ጉልበት ያገኘው ከፎቶው እኩል ከስም ዝርዝሩ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አገልግሎትም አለ። «ቴክ ኢት ዳውን» ይባላል፤ በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ለተነሱ ምስሎች የተዘጋጀ ነው። ነፃ ነው፣ ስምም አይጠይቅም። ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ የምስሉ ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም የቁጥሮችና የፊደላት ቅንብር፣ እዚያው ስልኩ ላይ ይሠራና የሚላከው አሻራው ብቻ ይሆናል። እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻት ያሉ ተሳታፊ ድርጅቶች ተመሳሳይ አሻራ ያለው ምስል ሲጫን ለይተው ሊያግዱት ይችላሉ። በሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ቅጂ ግን አያጠፋም፤ ይህንን ለልጁ በግልጽ ይንገሩት፣ የማይፈጸም ተስፋ አይስጡት።


እናት ከአቶቴ

ሁላችሁም ስለ አካውንት ታወራላችሁ፤ እኔ ግን የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ስልክ ባይኖረው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ስልኩ ይወሰድ፣ 12ኛ ክፍል ሲጨርስ ይሰጠው። ወርክ ሺቱን አጎቱ በራሱ ስልክ ያውርድለት።


የአይሲቲ መምህርት

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል፤ ሌሊት ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድር ማድረግ እኔም የምደግፈው ደንብ ነው። ነገር ግን አሁን ስልኩን መቀማት ልጁ ለተናገረው እውነት ቅጣት ይሆናል። በክፍሌ ያሉ ተማሪዎች ጉዳታቸውን ለቤተሰብ የማይናገሩበትን ምክንያት ስጠይቃቸው በብዛት የምሰማው «ስልኬን ይቀሙኛል» የሚል ነው፤ አስፈራሪዎችም ይህንን ጠንቅቀው ያውቁታል፣ «ለቤተሰብህ ብትናገር» እያሉ የሚያስሩት በዚሁ ነው። ደግሞም ስልኩ ቢወሰድ ፎቶው በእጁ ያለው ሰው የትም አልሄደም፤ የሚጠፋው ልጁ የሚሆነውን የምናይበት መንገድ ብቻ ነው።


የታቦሩ አጎት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከልጁ ጋር ተቀምጠን መልእክቶቹን በእኔ ስልክ ፎቶ አንስተናል፤ ነገ ጠዋት አብረን እናመለክታለን። የቀረብኝ የእናቱ ጉዳይ ነው። «ለእማዬ እንዳትነግራት» ብሎ አስምሎኛል። እሷም ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ስለሆነች ከሩቅ ሆና እንድትጨነቅ አልፈልግም።


ከቤሩት የተመለሰች

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ዓመታት በሰው ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ በእህትህ ቦታ ሆኜ ልናገር። መንገር አለብህ፣ ያውም ሰውየው ሳይቀድምህ። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ብለሃል። ውጭ አገር እንደምትሠራ ካወቀ ቀጥሎ ገንዘብ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ብቻዋን ሆና፣ የምታማክረው ሰው ሳይኖራት፣ ከማታውቀው ቁጥር የልጇ ፎቶ ቢደርሳት ደመወዟን በሙሉ እንደምትልክ አልጠራጠርም። እኔም በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ ቢሆን እልክ ነበር።

ልጁን ግን አታታልለው። የማልክለትን ልጅ ከኋላው ሄዶ መናገር ሌላ ጉዳት ነው፤ ለምን መንገር እንደሚያስፈልግ አስረዳው፣ እሱ አጠገብህ ተቀምጦ አንተ ንገራት። በጽሑፍ ሳይሆን ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ በምትገባበት ሰዓት በድምፅ ደውልላት፤ ጽሑፍ በሥራ መሃል ቢደርሳት ቀኑን ሙሉ እጇ ይንቀጠቀጣል። የፎቶውን ዝርዝር መግለጽ አያስፈልግም። ማወቅ ያለባት ልጇን አንድ ሰው አታልሎ እያስፈራራው መሆኑን፣ አንተ እንደያዝከውና ለፖሊስ እንደምታመለክቱ፣ ከማታውቀው ሰው መልእክት ከመጣም እንዳትመልስ፣ ብር እንዳትልክና ለማንም እንዳታስተላልፍ፣ ግን ደግሞ እንዳታጠፋውና ወዲያው እንድትደውልልህ ነው።

ሌላው፣ አይበላም አይተኛም ያልከውን በቸልታ አትለፈው። በእነዚህ ቀናት ሌሊት ብቻውን አታሳድረው፤ መኖርን እንደጠላ የሚያሳይ ነገር ከተናገረም የፖሊሱን ጉዳይ አቆይተህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ለእናቱም ስትደውል ከሁሉ አስቀድመህ ልጁ አጠገብህ በደህና መቀመጡን ንገራት፤ እሱን ሳትሰማ የቀረውን አትሰማህም።