ሎንግፌሎ ፂሙን ያሳደገው በሚስቱ ሞት ነው የሚባለው እውነት ነው?

አንባቢዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካዊውን ገጣሚ የሄንሪ ዋድስዎርዝ ሎንግፌሎን ምስሎች እያየሁ ነበር። ወጣት ሳለ ፊቱ ልጭት ያለ ነው። ሲያረጅ ግን ነጭ ፂሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። ጓደኛዬ «ሚስቱ ተቃጥላ ስትሞት ነው ያሳደገው» አለችኝ። ለሐዘን ነው ወይስ ወሬ ነው?

የብራትል ጎረቤት፦
እህቴ፣ ወሬ አይደለም። ግን ለሐዘን ብቻም አይደለም፤ ፊቱ ስለተቃጠለ መላጨት አስቸግሮት ነው። ቤቱ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ፣ ብራትል መንገድ ላይ ነው። እኔም ከዚያ ብዙ አልርቅም፤ እንግዳ ሲመጣብኝ እዚያ ነው የምወስደው።

ቀኑ ጁላይ 9፣ 1861 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሚስቱ ፋኒ ከሴት ልጆቿ የአንዷን ፀጉር ቆርጣ፣ ለማስታወሻ ጠቅልላ በሰም እያሸገች ነበር። ክብሪቱም ይሁን የጋለው ሰም፣ እሳቱ ስስ የበጋ ቀሚሷን ያዘ። ባሏ ወዳለበት ክፍል ሮጠች። ሸለብ አድርጎት ነበር። ብድግ ብሎ ምንጣፍ ጣለባት፤ ምንጣፉ ትንሽ ሆነ። ከዚያ በገዛ ገላው አቀፋት። ፊቱና እጁ የተቃጠለው ያኔ ነው። በማግስቱ አረፈች። የተቀበረችበት ቀን የተጋቡበት 18ኛ ዓመት ነበር። እሱ አልጋ ላይ ስለነበር ቀብሯ ላይ አልቆመም።

ይቺን ሴት ለማግባት ሰባት ዓመት ገደማ ደጅ የጠና ሰው ነው! የመጀመሪያ ሚስቱ ሜሪም በ1835 ሮተርዳም ላይ ፅንስ ወርዶባት፣ ታማ ነው የሞተችበት።

አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ፋኒ በ1847 ኤተር የሚባል ማደንዘዣ ተሰጥቷት ስትወልድ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት ይባላል። ያቺ ልጅ ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላት ሞተች። እናትየውም ስታጣጥር ለሥቃይዋ የሰጧት ያንኑ ኤተር ነው።

ቅኔ ወዳድ፦
ታሪኩ አንጀት ይበላል። ግጥሙ ግን፣ አትቀየሙኝና፣ የተማሪ ቤት ግጥም ነው። እንዲህ የደረሰበት ሰው ምነው አንድ ስንኝ እንኳ አልቋጠረላት?

የብራትል ጎረቤት፦
ቋጥሯል እኮ፣ ደብቆት ነው! መጀመሪያ የተጠጋው ትርጉም ላይ ነው። የጣሊያናዊውን ገጣሚ የዳንቴን «መለኮታዊ ኮሜዲ» ያዘ። ረቡዕ ማታ እነ ገጣሚው ጄምስ ራስል ሎዌል ቤቱ እየመጡ አብረውት ያርሙ ነበር፤ ከዚያ እራት ይበላል። በ1867 ታተመ። በመሃል ደግሞ የበኩር ልጁ ቻርልስ ሳያስፈቅደው ለእርስ በርስ ጦርነቱ ጦር ሠራዊት ገባ። በ1863 መገባደጃ ቨርጂኒያ ላይ ቆሰለ፤ አባት ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ አመጣው።

ለፋኒ የጻፈላት በ1879 ነው፤ ከሞተች ከ18 ዓመት በኋላ። ሶኔት የሚባለው አጭር ግጥም ነው፤ ርዕሱ «የበረዶው መስቀል» ነው። በምዕራብ አሜሪካ፣ ፀሐይ በማትደርስበት ሸለቆ በረዶው የመስቀል ቅርጽ ሠርቶ የሚታይበት ተራራ አለ። «እኔም ደረቴ ላይ እንዲህ ያለ መስቀል ካነገትኩ 18 ዓመቴ ነው» ይላል። በሕይወት እያለ አላሳተመውም። በ1882 ሲሞት ከወረቀቶቹ መሃል ተገኘ።

ቅኔ ወዳድ፦
አነበዋለሁ። ስለ ሌሎቹ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ እወቅልኝ።

አንባቢዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዳንቴውን ላስቀድም ወይስ ሶኔቱን?

የብራትል ጎረቤት፦
ሶኔቱ 14 መስመር ነው፤ ቡናሽ ሳይፈላ ትጨርሺዋለሽ። ዳንቴው ሦስት ቅጽ ነው፤ እሱን ሰፊ ጊዜ ስታገኚ።