የጀግኖቹ ሥዕል ለምን በክፉው ሰው ሆድ ላይ ሆነ?

ባለታክሲው ሠዓሊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ዓመታት አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚህ ዋሽንግተን፣ ሂርሽሆርን ሙዚየም ውስጥ የኢራናዊቷን የሺሪን ነሻትን ሥራዎች አየሁ። ለሩብ ሰዓት ብዬ ገብቼ ስወጣ የታክሲዬ መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ጠበቀኝ። አልቆጨኝም።

ያቆመኝ በ2012 የሠራችው «የነገሥታት መጽሐፍ» የተባለው የፎቶግራፍ ስብስብ ነው። ሰዎቹ በሦስት ተከፍለዋል፦ ሕዝቡ፣ አርበኞቹና ክፉዎቹ። አርበኞቹ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገዋል፤ ገላቸው በደቃቅ የፋርስ ጽሕፈት ተሸፍኗል። ይህ ገባኝ። ክፉዎቹ ግን ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ቆመው፣ ደረትና ሆዳቸው ላይ ስብስቡ ስሙን የወሰደበት የፋርሶች የጀግኖች ግጥም፣ የሻህናሜ፣ ጦርነት ተሥሎባቸዋል። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ፣ ደሙ ብቻ ቀይ።

እኔ ሥዕልን የጀመርኩት ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቀለም እየበጠበጥኩ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል። እነዚህ ክፉዎች በሁለት ዓይናቸው አፍጥጠውብኛል፤ ጀግኖቹንም ለብሰዋቸዋል። በጀግኖቹ ላይ ማላገጥ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

ክፈፍ ሠሪዋ፦
ወንድሜ፣ እኔ ሎስ አንጀለስ ዌስትዉድ አካባቢ በአንድ ኢራናዊ ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ ሥዕል ስከፍፍ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሻህናሜን ያወቅኩት ከእሳቸው አፍ ነው። ባለቅኔው ፈርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 የጨረሰው፣ ሃምሳ ሺህ ያህል ጥንድ ስንኝ ያለው ግጥም ነው። መጀመሪያ የግጥሙን ታላቅ ጀግና የሮስታምን ታሪክ ይስሙ፤ ጥያቄዎ በከፊል እዚያ ይመለሳል።

ሮስታም ታህሚኔ ከምትባል ልዕልት ጋር አንድ ሌሊት አድሮ ሲለያት ከክንዱ ላይ አንድ ዶቃ ፈትቶ ይሰጣታል፤ ወንድ ከወለድሽ ክንዱ ላይ እሰሪለት ብሎ። ሶህራብ ተወልዶ አድጎ አባቱን ፍለጋ ከጦር ጋር ይመጣል። ሲገጥሙ ልጁ «ሮስታም አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሮስታም ይክዳል። በትግሉ ልጁ ይጥለዋል፤ ሮስታም በወጋችን የሚገደለው ሁለተኛ የወደቀ ነው ብሎ በማታለል ይተርፋል። በኋላ እሱ ሲጥለው ግን ሁለተኛ አልጠበቀም፤ ወጋው። ዶቃውን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሡ ካይ ካቩስ ፈዋሽ መድኃኒት ነበረው፤ አባትና ልጅ ተባብረው ይጥሉኛል ብሎ ፈርቶ ከለከለ። ኢራናውያን የዘገየ እርዳታን ሁሉ «ሶህራብ ከሞተ በኋላ የመጣ መድኃኒት» ይሉታል፤ የእኛው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። አለቃዬ ክፈፍ ቆርጬ ሳበላሽ እንኳን ይህንኑ ይተርቱብኛል።

ታዲያ ጀግናውን ያቆሰለው መጀመሪያ ፈርዶውሲ ራሱ ነው። ነሻት ስብስቡን የሠራችው ከ2009ኙ የኢራን ተቃውሞና ከዓረቡ ዓለም አመፅ በኋላ መሆኑንም ያስቡ። የኢራን ነገሥታት ሻህናሜን ምንጊዜም እንደ ክብር ልብስ ለብሰውታል፤ ለንጉሡ ለሻህ ታህማስፕ የተዘጋጀው ቅጂ ብቻ 258 ሥዕሎች ነበሩት። እሷ የቤተ መንግሥቱን ልብስ ወደ ቆዳ አወረደችው። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው።

የቡና ቤት ሥዕል ወዳጅ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለ ትርጓሜ ነጭ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ሮስታም ግን የሕዝብ ነበር። የኢራናዊውን ሠዓሊ የሆሴን ቆላር አቃሲንና የጓደኞቹን የቡና ቤት ሥዕል ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ሰው አጠገብ ስሙ ተጽፏል፣ ልክ እንደ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል። በቡና ቤቱ የሻህናሜ ተራኪው በትሩን ይዞ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ሶህራብን ሲገድል ጠጪው ያለቅስ ነበር። ከዘመናውያኑ ኢራናውያን ሠዓሊዎች ለእኔ የሚቀርበው ፈሬይዱን አቬ ነው። ለሮስታም የመረጠው የነፃ ትግል ስፖርት ሻምፒዮኑን የአባስ ጃዲዲን ፎቶግራፍ ነው። ለኢራናዊ ታጋይ ማለት የሮስታም ልጅ ነውና ሰፈሩ ያውቀዋል። ሲያማክ ፊሊዛዴህም ሮስታምን በኮምፒውተር ሥዕል ወደ ዛሬዋ ቴህራን መልሶታል፤ ቀለሙ ግን ከማስታወቂያ ይብሳል፣ ዓይኔን አሳመመኝ። ምናልባት የፈለገውም ይህንኑ ይሆናል፤ ቢሆንም አልወድለትም።

ባለታክሲው ሠዓሊ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እኅቴ፣ የዶቃው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ደንበኛ ስጠብቅ በንድፍ ደብተሬ ላይ የሶህራብን ክንድ ጀመርኩ። ዶቃውን ቀይ አደረግሁት፤ ሌላው ሁሉ እርሳስ ነው። ክንዱ አልቋል፣ ሰይፉም አልቋል። የአባቱን ፊት ግን በጎን ልሣለው ወይስ ፊት ለፊት? አንድ ዓይን ልስጠው ወይስ ሁለት? ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ቦታው ባዶ ነው።