ቪትዜን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ? የጥገናውን እውነት ንገሩኝ

ባለቪትዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። የምኖረው ጀሞ፣ የማስተምረው ሳሪስ ነው። ባለፈው ወር ብቻ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፕ። ደመወዜን ከጋራዥ ጋር ነው የምካፈለው። ወንድሜ "ያገለገለ ሲጋል አለ፣ ግዢውና ተገላገይ" ይለኛል (ሲጋል የቻይናው ቢዋይዲ ትንሿ ኤሌክትሪክ መኪና ናት)። መካኒኬ ደግሞ "ባትሪው የሞተ ቀን ዶሮ ቤት ታደርጊያታለሽ" አለኝ። ደንበኛ እንዳይቀርበት ፈርቶም ይሆናል። የያዛችሁ ሰዎች፣ ለምን ለምን ነው የምታወጡት? ደግሞ ተከራይ ነኝ፤ ቆጣሪው የአከራዬ ነው።

የሌሊት ሾፌር፦
እህቴ፣ ሲጋል ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለምሠራባት 70 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጊያ የለ። የፍሬን ሸራዋ እስካሁን ከፋብሪካ የመጣው ነው። እግርሽን ከነዳጅ መስጫው (ስሙን እስካሁን አልቀየርንለትም) ስታነሺ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ከእንጦጦ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ቻርጅ ጨምሬ ነው የምደርሰው።

ከጋራዥ ተገላገልኩ ግን አልልሽም። ችግሩ ከኮፈን ውስጥ ወደ እግሯ ወረደ እንጂ። ባትሪው ከባድ ነው፣ ኮብልስቶኑን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጎሚኒ (የእግሯ መጋጠሚያ ላስቲክ) ሁለቴ፣ ቴስቲኒ (የመሪው መጋጠሚያ) አንዴ፣ የፊት አሞርዛተር አንዴ ቀይሬያለሁ። ጎማዎቹ 40 ሺህ ላይ አለቁ። እሱ ላይ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ ትራፊክ መብራት ላይ እንደ ጥይት ስትወጣ ደስ ይላል።

ዋናው ራስ ምታት መለዋወጫ ነው። የጎን መስታወቴን ባጃጅ ገጨብኝ። የቪትዝ ቢሆን ሶማሌ ተራ ሄጄ ከምሳ በፊት እገጥመው ነበር። እኔ ግን ቻይና፣ ጓንዡ የሚመላለስ ሰው እስኪመጣልኝ ሰባት ሳምንት በፕላስተር አስሬ ነዳሁ።

አንዷን ደግሞ ልንገርሽ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ኤርፖርት የማደርሰው ደንበኛ ነበረኝ። በሩ አልከፈት አለ። ማታ 71 ፐርሰንት ላይ ነው የተውኳት። ሪሞቱ ውስጥ በተደበቀችው ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ፤ ስክሪኑ ድርግም ብሏል። ለካ እንደ ማንኛውም መኪና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለቻት። ዳሽ ካሜራዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲመጥጣት አድሯል። ትንሿ ከሞተች ትልቁ አይነቃም። በመጨረሻ የጎረቤቴ አሮጌ ኮሮላ ናት በኬብል ያስነሳችኝ። ሰውየው እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ይስቃል። ደንበኛው? በሌላ ታክሲ ሄደ።

የገርጂው መካኒክ፦
የኛን ስም ብቻ አታጥፉ እንጂ፣ ሾፌሩ ያለው ልክ ነው። ጥቂት ልጨምር። የፍሬን ሸራው ባያልቅም የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ አስቀይሪ። ኩላንቱን (የማቀዝቀዣ ፈሳሹን) አሳዪ፤ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው ካየሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። ብርቱካናማውን ሽቦ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካው፤ እሱ ይገድላል። ላቫጆ ስትሄጂም "ሞተሩንም እጠብልኝ" የምትባለዋን ልማድ ተዪያት። አንዱ በግፊት ውሃ ኮፈን ውስጥ ተረጭቶበት እየተጎተተ መጥቶልኛል።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሳትከፍዪ በፊት በስካነር የባትሪውን ጤንነት አስለኪ። ሲጋል 30 እና 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላቸው አሉ። ከውጭ አንድ ይመስላሉ፣ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። "የስምንት ዓመት ዋስትና አለው" ካሉሽ እዚህ ሀገር የሚቀበለው ማን እንደሆነ በወረቀት ያሳዩሽ። ባትሪው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ስለሆነ አልፎ አልፎ 100 ድረስ ሙዪው፤ አለዚያ የስክሪኑ ፐርሰንት ይዋሽሻል።

ተከራይ ነኝ እኔም፦
ስለ ቆጣሪው እኔ ልመልስልሽ። መጀመሪያ በኤክስቴንሽን ነበር የምሞላው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሶኬቱ ቀለጠ። አሁን ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ከነአርዙ፣ የራሱ ብሬከርና ንዑስ ቆጣሪ አስገብቼ የራሴን እከፍላለሁ። ፍጆታ ሲጨምር የእርከኑ ዋጋም ስለሚጨምር ከአከራይሽ ጋር ሒሳቡን ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ እኛን ሊያጣላን የነበረው እሱ ነው። ሌላው ምጣድ ነው! የአከራዬ እናት እንጀራ ሲጋግሩና መኪናዬ ስትሞላ አንድ ላይ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል።

ባለቪትዟ፦
ተባረኩ። ስለ ጎሚኒው ነግሮኝ የሚያውቅ አልነበረም፤ ወንድሜማ ጭራሽ። አከራዬን ጠየቅኳቸው፣ በንዑስ ቆጣሪው ተስማምተዋል። የሚጋግሩት ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እኔ ማታ እሞላለሁ። መኪናዋን እሑድ ላያት ነው። ጀሞ አካባቢ ስካነር ያለው ልጅ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ቪትዜን ግን የባትሪውን ውጤት ሳላይ አልሸጥም።